ብብት ላይ ለሚይዝ ጋውን ትልቅ ቁጥር መፍትሔ አይሆንም

ጥያቄ፦ «የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሚዲየም ጋውን ስለካ እጄን ሳነሳ ብብቴ ላይ ስለያዘኝ ላርጁን ገዛሁ። አሁን ትከሻው ወርዶ ክንዴ ላይ ተቀምጧል፣ እጅጌው ጣቴ ድረስ ይመጣል፣ እጄን ሳነሳ ደግሞ ጋውኑ እንዳለ አብሮ ይነሳል። ጎኑን አስጠብቤው ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ኤክስ ላርጅ ልቀይር?»

መልስ፦ አትቀይሪ ልጄ። ከነገርሽኝ እንደምጠረጥረው ችግሩ የደረትሽ ስፋት አይደለም፤ የእጅጌው መግቢያ ዝቅ ብሎ መቆረጡ ነው። ሚዲየሙም ላርጁም ይህ ጉድለት አለባቸው፣ ላርጁ ላይ ብሷል። ኤክስ ላርጁ ላይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል።

ለማረጋገጥ ጋውኑን ሁልጊዜ ከውስጥ በምትለብሺው ሸሚዝና ሹራብ ላይ ልበሺና ቁልፉን ሁሉ ቆልፊ። እጅሽን ወደ ታች ለቀቅ አድርገሽ፣ ከብብትሽ እስከ እጅጌው መግቢያ ታችኛ ስፌት ያለውን በሜትር ለኪው። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። 5 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘሽ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ምክንያቱን እንድታዪው፣ በልክሽ የሆነ ሸሚዝ ልበሺና ከብብትሽ 6 ሳንቲ ያህል ዝቅ ብለሽ እጅጌውን ከጎኑ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዢው። አሁን እጅሽን ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው አንሺ። ቅድም ዝም ብሎ የነበረው ሸሚዝ ከወገብሽ ይሳባል። ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ጋውን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መግቢያው ብብት ሥር ሲሆን፣ ክንድ ሲነሳ የሚሄደው እጅጌው ብቻ ነው፤ የጋውኑ ገላ ባለበት ይቀራል። መግቢያው ወደ ጎድን ሲወርድ ግን እጅጌው ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ እስከ አንጓሽ ያለው የታችኛው የእጅጌ ስፌት ያጥራል። ያ አጭር ስፌት ክንድሽን መከተል ስለማይችል ጎኑን ይጎትታል፣ ጎኑ ደግሞ ኪሱንና የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ይነሳል። ቁጥር ሲጨምር ደረቱ ብቻ አይሰፋም፤ መግቢያውም አብሮ ይወርዳል። ሰው ጠበበኝ ብሎ ሰፊውን ሲገዛ ጭራሽ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ርካሽ ጋውን የሚያመርቱት መግቢያውን ዝቅ፣ የእጅጌውን አናት ደግሞ ጠፍጣፋ አድርገው የሚቆርጡት ቶሎ ስለሚሰፋና ለሁሉም ሰው «ስለሚገባ» ነው። ገብቶ መሥራት ካልተቻለ ግን ልብስ አይባልም።

ጎኑን ያስጠበበልሽ ሰው ደግሞ እጅሽን ለማንሳት ቀርቶሽ የነበረችውን ጥቂት ስፋት ወሰደብሽ። ገልብጠሽ እዪው። ትርፉን ሳይቆርጥ አጥፎ ሰፍቶት ከሆነ ተተርትሮ ይመለሳል። ቆርጦ ጠርዙን ኦቨርሎክ በሚባለው የጠርዝ መዝጊያ ማሽን ከሰፋው ግን አለቀ፤ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም። መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ የሚለካ ሰፊ ያበሳጨኛል።

ጎኑ የሚመለስ ከሆነ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። እጅጌዎቹ ይተርተሩ። የትከሻው ጫፍ ከትከሻ አጥንትሽ በምን ያህል እንዳለፈ ተለክቶ ከየጎኑ ይግባ። ከዚያ የትከሻው ስፌት ከአንገቱ ምንም ሳይበላ ጀምሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከፊትም ከኋላም 1.5 ሳንቲ ይብላ። መግቢያው በዚያው ልክ ወደ ብብትሽ ይወጣል። ዙሪያው ወደ 3 ሳንቲ ስለሚጠብ የእጅጌው አናትም አብሮ ተስተካክሎ ይሰፋ። የእጅጌው ርዝመት የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ከረዘመብሽ ውስጥ የተወሰነው የወረደው ትከሻ ያመጣው ስለሆነ አሁን ብታስቆርጪው በኋላ ያጥርብሻል። ዳሩ አንጓሽ አጥንት ላይ ይቁም። የአልኮል መብራት አጠገብ የሚንጠለጠል እጅጌ መጀመሪያ እሳት የሚነካው እሱ ነው።

ጎኑ ተቆርጦ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚበት፤ ሌላ ግዢ ወይም አሰፊ። ስትገዢ ትከሻን አይተሽ ምረጪ፤ ከሌላው አብዛኛው በኋላ ይስተካከላል። ከአንዱ ትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው በማጅራት በኩል ለክተሽ ለሹራቡ 1 ሳንቲ ጨምሪ። ደረት ላይ ሰውነትሽ ላይ ከተለካው ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ትርፍ ይኑረው፣ ዳሌ ላይ ቢያንስ 10። «ለወንድም ለሴትም» የሚባለው ጋውን በወንድ ልክ ቀጥ ብሎ ስለሚቆረጥ ብዙ ሴቶችን ትከሻ ላይ እየሰፋ ዳሌ ላይ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቆልፈሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ የታችኛው ቁልፍ ከተወጠረ አይሆንሽም። የጎኑን ስፌት ገልብጠሽ ቢያንስ 1.5 ሳንቲ ትርፍ እንዳለው እዪ። ርዝመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይበል። (አሜሪካ ያሉ ዘመዶችሽ እስከ ዳሌ የሚደርስ አጭር ጋውን ቢያሳዩሽ አትደናገሪ፤ እዚያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ የሚሰጠው እሱ ነው።)

ለማሰፋት ወርዱ 150 ሳንቲ ከሆነ ጨርቅ 2 ሜትር ተኩል ይበቃሻል። ወፈር ያለ ነጭ ጥጥ ያዢ። ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይተኮስ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከ100 ሳንቲ ላይ ከ3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ይችላል። የኪሶቹ የላይ ማዕዘኖች በሦስት ማዕዘን ስፌት ይደገሙ፤ የሐኪም መመርመሪያ መዶሻና ማስታወሻ ሲጨመርበት መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው።

አደራ የምልሽ ግን ይህን ነው፤ ሙሉ ፖሊስተር ጋውን ለብሰሽ እሳት አጠገብ አትቁሚ። ጥጥም ይቃጠላል፣ ግን አይቀልጥም። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቴትሮን የሚሉት የፖሊስተርና የጥጥ ቅይጥም ለዋርድ (ለሕሙማን ክፍል) ጥሩ ነው እንጂ ለእሳት አይሆንም። «ንጹህ ጥጥ ነው» ቢሉሽ ከውስጥ ስፌቱ ጋ ከተረፈው ጨርቅ (ከመስፊያው ክር ሳይሆን) አንድ ክር ምዘዢ፣ በወረንጦ ይዘሽ ውኃ ካለበት ሳህን በላይ በክብሪት ለኩሺው። የወረቀት ሽታ ሸቶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ከእሳቱ ሸሽቶ ተሸብሽቦ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ከቀረ፣ ያን ጋውን ይዘሽ ላብራቶሪ አትግቢ።