የራስ ድምፅ ከየት ይመጣል? ላልሽው

እህቴ፣ "ሦስት አጭር ልቦለድ ጻፍኩ፣ ያነበቡልኝ ሁሉ 'ጥሩ ነው፣ ግን የሌላ ሰው ይመስላል' አሉኝ፤ የራሴን ድምፅ እንዴት ላምጣ?" ብለሻል። እኔም በዚሁ ነገር አራት ዓመት ተቸግሬያለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ያኔ የምጽፈው ሁሉ "ጀምበር ወደ ማደሪያዋ ስታዘግም ልቡ በሐዘን ተዋጠ" ዓይነት ነበር። ማን እንደዚህ ያወራል? አንድ ቀን ጓደኛዬ ገጹን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ በጣም አፈርኩ። በዚያ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው "ነበር" ብሎ ነው። ነበር፣ ነበር፣ ነበር፣ እንደ መዶሻ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚያደርግ ይሄ ለዓይን ያመልጣል፤ ጆሮ ግን አይምርም።

ከዚያ ደግሞ ብዬ ብዬ የአራዳ ቋንቋ አጨቅሁበት። ዓመት ሳይሞላው ቃሉ አረጀ፣ ታሪኩም አብሮት አረጀ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አክስቴ ናት። ስለ ጎረቤታችን ሞት ስታወራ "ሽሮዬን ጥጄ፣ ገና ሳይንተከተክ፣ በሩ አይንኳኳ መሰለህ! ማን ቢሆን ጥሩ ነው?" ብላ ጀመረች። ሟቹን ያነሳችው ሽሮው ካረረ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ከለቅሶው እጀምር ነበር። ለካ ድምፅ የምንለው ዓይንሽ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ፣ ምኑን ዘለሽ ምኑ ላይ እንደምትቆዪ ጭምር ነው።

ጆሮን ግን አትናቂ። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፣ አንባቢ ቃሉን በትክክል እንዲያነበው። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን የሰጠው እንዲሁ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ገጽ ስጨርስ እያነበብኩ ስልኬ ላይ እቀዳዋለሁ። መልሼ ስሰማ የሰለቸኝን ቦታ እቆርጣለሁ። ምልልስ ከሆነ ደግሞ ስሞቹን ሸፍኚና አንብቢው፤ ጉልት የምትቸረችረው ሴትዮና የባንክ ሥራ አስኪያጁ እኩል "በእርግጥ ነገሩ አሳሳቢ ነው" የሚሉ ከሆነ ሁለቱም አንቺ ነሽ ማለት ነው።

የምትወጂውን ደራሲ መኮረጅ አያስፈራሽ። እኔ የምወደውን ሰው ገጾች በእጄ ገልብጫለሁ፣ ጠቅሞኛል። ለልምምድ እስከሆነና እስካላሳተምሽው ድረስ ምን ችግር አለው?

ወሬኛ አክስት ካለችሽ ግን ለመቅዳት አትሞክሪ። እኔ አስፈቅጄ ስልኬን ፊቷ ባስቀምጥ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዜና አንባቢ "በዕለቱ ጎረቤታችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" ብላ ጀመረችልኝ። ቡናው ላይ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ ማታ ጻፊው።