ግራኝ ለሆነ ሰው የትኛው ርካሽ ሾትጋን?

አንድ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ከሂውስተን ጽፎልኛል። የሥራ ጓደኞቹ ዋኔ አደን ሊወስዱት ነው። እዚህ ድሬ ለአንዲት ዋኔ ጥይት አወጣለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ይሳቅበታል፤ ቴክሳስ ግን ትልቅ ነገር ነው። የአደን ፈቃዱን ጨርሷል፣ መሣሪያ ግን የለውም፣ ኪሱም ሳሳ ያለ ነው። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እጀታ በመሳብና በመግፋት የሚቀባበል ባለ 12 ጌጅ (የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሾትጋን ፈልጎ ሦስት ዓይቷል፦ አዲስ ማቭሪክ 88፣ አዲስ ሞስበርግ 500፣ ያገለገለ ሬሚንግተን 870 ኤክስፕረስ። «የቱን ልግዛ?» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ «ግራኝ ነኝ» ብሎ ጣል አድርጓል።

አቦ፣ ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው!

ማቭሪክና ሞስበርግ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የውስጥ አሠራራቸው በጣም ይቀራረባል። የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ በሁለት ጥፍር ይዘው ነው የሚያወጡት፤ 870 ያለው አንድ ጥፍር ነው። ዋጋው ላይ ማቭሪክ ይረክሳል። ልዩነቱ መቆለፊያው ላይ ነው፤ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደው ማለቴ ነው። የማቭሪክም የ870ም መቆለፊያ ቃታው አጠገብ ከጎን ወደ ጎን የሚገፋ ቁልፍ ነው፤ የተሠራውም ለቀኝ እጅ ጣት ነው። ወፏ ድንገት ብር ስትል አንተ ቁልፉን ስትፈልግ ትቀራለህ። የ500 መቆለፊያ ግን ከላይ፣ አውራ ጣትህ ሥር ነው። ወደ ፊት ስትገፋው ቀይ ነጥብ ይታያል፣ መሣሪያው ለመተኮስ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ለግራም ለቀኝም እኩል። ቀኝ ብትሆን ኖሮ ማቭሪኩን ግዛና በቀረው ጥይት ግዛበት እልህ ነበር። አሁን ግን ትንሽ ጨምረህ 500ውን ውሰድ።

870 ክፉ መሣሪያ አይደለም። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ ነው፣ አካሉም ድፍን ብረት ነው፤ የሞስበርጎቹ አሉሚኒየም ነው። የኤክስፕረሱ ጣጣ ዋጋው እንዲወርድ አጨራረሱ ላይ መቆጠቡ ነው። ጥይት መጉረሻው ሸካራ ሆኖ የቀረበት ብዙ ነው። ቂጡ ከነሐስ ሳይሆን ከስስ ብረት የተሠራ ርካሽ ጥይት ስትተኩስበት ቀለሁ ይነፋና እዚያ ሸካራው ላይ ይነክሳል። እጀታውን ወደ ኋላ ብትስብ እምቢ። ሰው ያኔ ጉልበት ይጨምራል፤ ጥፍሩ የቀለሁን ጠርዝ ቦጭቆ ባዶውን ይመለሳል፣ ቀለሁ እዚያው።

ዋጋው አጓጉቶህ ኤክስፕረሱን ካላየሁ ካልክ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። አፈሙዙን አስፈታና ከኋላ በኩል በባትሪ እይ። ጥይት መጉረሻው እንደ መስታወት ካበራ ደህና ነው። ክብ ክብ ጭረት ካየህ ዋጋ አስቀንስ ወይ ተወው። ደብዘዝ ያለው ቀለሙም ዝገት ቶሎ ያስገባል። ድሬ ላይ መሣሪያ የሚገድለው አቧራ ነው፤ ሂውስተን ላይ እርጥበቱ ነው።

አፈሙዙ 28 ኢንች ያለውን ምረጥ፤ ባለ 18 ተኩሉ ለቤት ጥበቃ የሚሸጥ ነው። ለዋኔ ሕጉ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ስለሚያስገድድ ካዝናው ውስጥ የሚገባውን እንጨት አውጥተህ አትጣል።

ከገዛህ በኋላ ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ማቀባበል ተለማመድ። «ነከሰብኝ» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ እጀታውን እስከ መጨረሻው ያልሳቡ ናቸው። እንዳይሰበር ብለህ አትራራለት። እስኪቆም ሳብ፣ እስኪቆም ግፋ።

ወደ ድሬ ስትመጣ ግን እዚያው ተወው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ለእኛ ከታሰብን ጫማ ይበቃናል፣ እሱም ታይዋን ገበያ ሞልቷል።