ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በድራማ ገጸ ባሕርይ ሞት ማዘን ሕመም ነውን?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ስሆን ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ማታ ማታ ስከታተል ከርሜ በመጨረሻው ክፍል ዋናው ሰውዬ ተገደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እህልም አይወርድልኝም። ያው ድምፅ በሌላ ድራማ ሲናገር ስሰማ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ለባለቤቴ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፤ ልጆቼም ይስቁብኛል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በጻፉልን ውስጥ ሕመም የሚያሰኝ ነገር አላየሁም፤ ማዘንዎ ግን እውነተኛ ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ ተመልካች በቴሌቪዥን ደጋግሞ ከሚያየው ሰው ጋር ከአንድ ወገን ብቻ የሆነ ወዳጅነት እንደሚመሠርት አስረድተዋል። ሰውዬው ተዋናይ መሆኑን አእምሮዎ ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ በየማታው ቤትዎ እየገባ ጭንቀቱንና ምሥጢሩን ሲያካፍልዎ የከረመን ሰው ስሜትዎ ከጎረቤት ለይቶ አያየውም። በድምፁ መደንገጥዎም የሟቹን የሚመስል ድምፅ ገበያ መሀል ሰምቶ ዞር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 «ቶርችዉድ» በተባለው ድራማ ለሞተው ኢያንቶ ጆንስ ለተባለ ገጸ ባሕርይ ተመልካቾች በአንድ ግድግዳ ላይ ለዓመታት አበባና ደብዳቤ ሲያኖሩ ቆይተዋል። የሚስቁብዎት ልጆችም የሚደግፉት የእንግሊዝ ቡድን ሲሸነፍ እራታቸውን ትተው የሚተኙ ከሆነ ብዙ ባይስቁ ይሻላቸዋል።

ባለቤትዎን በሚመለከት ራስዎን አይውቀሱ፤ የፍቅር ልክ በእንባ ብዛት አይታወቅም። ያን ጊዜ እድርተኛው ድንኳን ጥሎ፣ ጎረቤት እዝን ይዞ፣ ዘመድ አብሮዎት እያደረ ሐዘኑን ብዙ ሰው ተካፍሎታል፤ ለዚህኛው ግን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚል አንድ ሰው እንኳ አልመጣም፣ ጭራሽ ልጆችዎ ስቀውብዎታል። ምናልባትም አዲሱ ሐዘን የቀድሞውን ቀስቅሶት ይሆናል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከገጸ ባሕርይው ጋር ያጡት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ብቸኝነትዎን ያስረሳዎት የነበረው የምሽት ሰዓት ነው። ስለዚህ ያንን ሰዓት ባዶ አይተዉት፤ ድራማውን ያየች ጎረቤት ቡና ጠርተው ስለ ታሪኩ ሳያፍሩ ቢያወጉ ከማንኛውም ክኒን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የአሟሟቱን ክፍል ሌሊት በስልክ እየደጋገሙ የሚያዩ ከሆነ ግን ይተዉት።

የሚያሳስበኝ ግፊትዎ ነው። ሐዘን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የበለጠ የሚጎዳው ግን እንቅልፍ ማጣቱና በዚሁ ሰበብ መድኃኒት መዝለሉ ነውና፣ ምግብ ባይወርድልዎትም ክኒንዎን ሳያቋርጡ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይለኩ። የእንቅልፍ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ቀኑን ሙሉ የሚከብድዎት ሐዘን ወይም ለሁሉ ነገር ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የድባቴ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። መኖር ካስጠላዎት ወይም ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ትንፋሽ ካሳጠረዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ብቻዎንም ሳይሆኑ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።