ጣሪያ ከመቁረጣችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ቮልስ አስጎትቶ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። መኪናዋ የድሮ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቀለሟ በፀሐይና በዝናብ ብዛት ነጭ ይሁን ቢጫ አይለይም። ልጁ ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። ባለ ሁለት በር የአሜሪካ መኪና፣ ኩፔ የሚሉት ነው፤ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሏል፣ መስኮቶቹ ጠበዋል፣ መሬት ላይ የተኛ አውሬ ይመስላል። “ጋሼ፣ ይቺንም እንደዚህ ያድርጉልኝ። አሥር ሴንቲ ብቻ ይቁረጡልኝ” አለኝ።

አልሳቅኩበትም። መኪና የሚወድ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። ላሜራ መቀጥቀጥ ከጀመርኩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያ ነበርኩ። ሻይ አስመጣሁና ቁጭ ብለን አወራን። ያን ቀን የነገርኩትን ለእናንተም ልጽፈው ፈለግሁ፣ ምክንያቱም ስልካችሁ ላይ ያለው ቪዲዮ ብረት መቁረጫውን ግራይንደር ያሳያችኋል እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ብዙም አያሳያችሁም።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንወቅ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውሃቸው የደረቀ፣ መሬታቸው እንደ ምጣድ የተለጠጠ ሐይቆች አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም በኋላም ወጣቶች አሮጌ ፎርዶቻቸውን እዚያ እየወሰዱ በፍጥነት ይወዳደሩ ነበር። ጣሪያው ሲያጥር መኪናው የሚጋፋው ንፋስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቆረጡት። በጣም የሚወደደው እ.ኤ.አ. የ1932ቱ ፎርድ ኩፔ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት ይቻላል፣ መስታወቱም ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ሥራው ቀላል ባይሆንም የሚገባ ሥራ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 የተሠሩትን ሜርኩሪዎች ለፍጥነት ሳይሆን ለውበት መቁረጥ ጀመሩ፣ የእነሱ ጣሪያ ግን ክብ ክብ ስለሆነ የባለሙያ ፈተና ሆነ።

ቮልስ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። መላ አካሏ ጥምዝ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ብትፈልጉ አታገኙባትም።

ፖሊ የተማራችሁ ልጆች ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ። ከተማችን ፖሊ ቴክኒክ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳብና ብረት አንድ ላይ የሚያውቅ ወጣት አጥታ አታውቅም። የፊት ምሰሶው ወደ ኋላ 30 ዲግሪ ያጋደለ ነው እንበል። 10 ሴንቲ ቆርጣችሁ ጣሪያውን ቀጥታ ወደ ታች ብታወርዱት የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ወደ 6 ሴንቲ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። አይገናኙም። የኋላው ምሰሶ ደግሞ ወደ ፊት ስለሚያጋድል እዚያም በተቃራኒው ይሳሳታሉ። ጣሪያው ከፊትም ከኋላም አጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ምሰሶዎቹን ይበልጥ ማስተኛት አለባችሁ፣ ወይ ጣሪያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቃችሁ ላሜራ ጨምራችሁ ማስረዘም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም። “ጣሪያ መቁረጥ” እንላለን እንጂ ሥራው አዲስ ጣሪያ መሥራት ነው። ይሄን ለልጁ መሬት ላይ በጠመኔ ስዬ ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ “አምስት ሴንቲስ?” አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ነገር በግማሽ ይቀንሳል።

መስታወቱንም አትርሱ። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ መሐሉ ላስቲክ ያለበት ከሆነ የሚችል ሰው ይቆርጠዋል። የበር መስታወት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረው ዓይነት ነው፣ መቁረጫ ሲነካው እንደ በረዶ ፍሬ ይበተናል። አይቆረጥም፣ አለቀ። በልኩ ሌላ ማሠራት ነው። ይሄን ጣሪያው ከተቆረጠ በኋላ ያወቁ ሰዎች መኪናቸውን ክረምቱን በሸራ ሸፍነው ሲያሳልፉ አይቻለሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የ24 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው ፊያት 600 አመጣልኝ። ለሠርግ ክፍት መኪና እንዲሆንለት ፈልጎ ነው፣ ሙሽሮቹ በሐይቁ ዳር በዘንባባዎቹ ሥር ቆመው እንዲያልፉ። ቆረጥኩት። በአንድ ከሰዓት። ጠርዙን አለሳልሼ ስጨርስ እንዴት እንደኮራሁ! ከዚያ አራት ሰው ገባበት። ወለሉ መሐል ላይ ሰመጠ፣ በሮቹ እንደተዘጉ ቀሩ። ሰዎቹ በላይ በኩል ዘለው ወረዱ።

ያ መኪና ለብቻው ሻንሲ፣ ማለትም ከሥር የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ የለውም። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ምሰሶው፣ ከበሩ ሥር ያለው ሣጥን፣ ሁሉም ተያይዘው ነው መኪናውን የሚሸከሙት። እኔ ክዳን መስሎኝ የቆረጥኩት ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ሰውዬው ሠርጉን በሌላ መኪና አደረገ። ገንዘቡን ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀብኝ፣ ፊቱን ሳስታውስ ግን ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጣልያን ጋራዥ ያደጉ ሰው ነበሩ። ላሜራ፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት)፣ ፓራፋንጎ (የጎማ ሽፋን) እያልን የምንጠራው ሁሉ ከዚያ ዘመን የቀረልን ቃል ነው። በማግስቱ መጥተው ፊያቷን ዞረው አዩና አልተቆጡም። “ከመቁረጥህ በፊት ምን ለካህ?” ብቻ አሉኝ። ምንም አልለካሁም ነበር።

ስለዚህ ልኬቱ ይሄው። መኪናው በራሱ ጎማ ላይ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ክሪክ ላይ አይሁን። በሮቹ መጀመሪያ በትክክል መዘጋት አለባቸው፤ ማጠፊያው ከላላ ቀድማችሁ አስተካክሉት፣ ምክንያቱም ከቆረጣችሁ በኋላ በሩ ሲጣመም ጥፋቱ የማጠፊያው ይሁን የእናንተ አታውቁም። ከዚያ የበሩን ክፍት ቦታ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፣ ሁለቱንም ሰያፍ፣ በሁለቱም በኩል። የመኪናውንም ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፉት፣ ወረቀት ይጠፋል። ቀጥሎ ውስጡን በቱቦላሬ አስሩት፣ ከምሰሶ ምሰሶ፣ ከወለል ምሰሶ፣ መስቀለኛ አድርጋችሁ በይዱት። መኪናው ውስጥ መግባት እስኪያቅታችሁ ድረስ ይሞላ። ያን ጊዜ ነው ግራይንደር የሚነሣው። ቮልስ ከሆነች የነዳጅ ታንከሯ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፣ ብልጭታ ከመነሣቱ በፊት ይውጣ፤ የጣሪያው ጨርቅም እንደዚያው። መነጽር አድርጉ። አንድ ዓይኑን በዚህ ሥራ ያጣ ጓደኛ አለኝ።

ግን ከዚህም በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ልጁን በጣም ያስከፋው እሱ ነው። ዝገቱ።

የቮልስ አካል ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ ነው። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ባዶ ሣጥን የመሰለ ነገር ያልፋል፣ ከኋላ ካለው ሞተር ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያመጣው። አካሉን የሚያጠነክረውም እሱ ነው። ያ ሣጥን ከውስጥ ነው የሚበላው። የእኛ አገር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እንዴት እንደሚያዘንብ ታውቃላችሁ፣ ጣና ዳር የቆመ መኪና ደግሞ ጠዋት ጠዋት በጤዛ ታጥቦ ነው የሚገኘው። ባትሪውም ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ የሚንጠባጠብበት ወለል ቀድሞ ይሄዳል። የልጁን መኪና ወንበር አንሥቼ በካቻቢቴ ጫን ሳደርገው ካቻቢቴው መሬት ነካ። ታች እንዲህ ሆኖ ላይ ብንቆርጥ መኪናዋ እንደ ሙዝ ትታጠፋለች።

ወላጆቹ እንደነገሩት ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ መኪናዋን “አድሷት” ነበር። ምን እንዳደረጉ ላሳየው ብዬ ስቱኮውን ፈቀፈቅኩት። ቀዳዳውን በጋዜጣ ጠቅጥቀው ከላይ ስቱኮ ለጥፈውበታል፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። አመመኝ። ስቱኮ ከተቀጠቀጠ ላሜራ ላይ የቀረችውን ትንሽ ጉድጓድ መሙያ ነው፣ ሁለት ወይ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ። ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ውሃውን እቅፍ አድርጎ ከብረቱ ጋር ያኖረዋል። ስለዚህ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ንጹሕ ብረት እስክታገኙ። በልኩ ላሜራ አዘጋጁ፣ በይዱ፣ ከውስጥም ከውጭም አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቀቡ። ስቱኮ ከቀባችሁ በኋላ በቀለም ሳትሸፍኑት አታሳድሩት፣ በተለይ በክረምት።

ስለ ብየዳ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የብዙ ጎበዝ ልጅ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የመኪና ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳዋል። ሚግ፣ ቀጭን ሽቦ እየመገበ የሚበይደውን ማሽን፣ ካገኛችሁ በሚግ ሥሩ፣ በጋዝም የሚችል እጅ ይሠራዋል። ግን አንድ ጫፍ ጀምራችሁ እስከ ሌላው ጫፍ እንደ ልብስ ስፌት አትሂዱ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ጣሪያው ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ደግሞ መሄጃ አጥቶ ይጎብጣል። በእጅ ስትጫኑት እንደ ዘይት ቆርቆሮ ቋ ይላል። ነጥብ እዚህ፣ ከዚያ ስንዝር ርቃችሁ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። በእጃችሁ መንካት እስክትችሉ ጠብቁ። በሩን ክፈቱ ዝጉ። ግድግዳው ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር እንደገና ለኩ። አንድ ጣሪያ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ምንም አይደል። ምሰሶው የሚገናኝበት ቦታ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም የሚይዝ ወፍራም ብረት ክተቱ፣ በጎንደር መንገድ ላይ መኪና ቢገለበጥ ሰው የሚያተርፈው ያ ምሰሶ ነው።

ቅርጹን ደግሞ በዓይን ብቻ አትመኑ። ጓንት ወይ ስስ ጨርቅ በእጃችሁ ላይ አድርጉና መዳፋችሁን በሙሉ በላሜራው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። እብጠቱ ይነግራችኋል። እኔ ይሄን ጠዋት ነው የምሠራው፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ በጎን ስትመታ። ያን ሰዓት የማይታይ ጉድጓድ የለም። ይሄ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነው።

ሌላም አለ፣ ሊብሬው። የመኪናን ቅርጽ ለመለወጥ ከመነሣታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ቦሎ ሲደርስ ከምትጨነቁ አስቀድማችሁ ጨርሱት።

ልጁ ያን ቀን አኩርፎ ሄደ። የማይመለስ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቱታ ለብሶ መጣና “ጋሼ፣ ዝገቱን ራሴ ልሥራው፤ እርስዎ ያሳዩኝ” አለ። አሁን ሁለተኛ ወሩ ነው። የግራው ሣጥን አልቋል፣ የመጀመሪያውን ብየዳ ሦስት ጊዜ አስፈትቼዋለሁ፣ የቀኙን ግን አንድም አላስፈታሁትም። ጣሪያውን በአምስት ሴንቲ ተስማምተናል። ክረምቱ ይውጣና በጥቅምት፣ ቱቦላሬው ገብቶ ልኬቱ ግድግዳው ላይ ከተጻፈ በኋላ፣ መስመሩን እኔ በጠመኔ አሰምርለታለሁ። ግራይንደሩን የሚይዘው ግን እሱ ነው።