ገንዘብ ለመቆጠብ የማጠፋው ሰዓት ኃጢአት ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ተቀጥሬም እሠራለሁ። ገንዘብ በከንቱ ማውጣት እንደማይገባ እየተነገረኝ ስላደግሁ አንድ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሦስት አራት ሱቅ እዞራለሁ፤ ማታም በስልኬ ዋጋ ሳወዳድር አመሻለሁ። የተበላሸ ነገር ለባለሙያ ከመስጠት ራሴ ልጠግነው እታገላለሁ፤ በቤት ሥራ የሚያግዘኝ ሰውም አልቀጥርም። ባለቤቴ ግን «ገንዘብ አተረፍሁ ትያለሽ እንጂ ዕድሜሽን እያከሰርሽ ነው» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ጥቂት ገንዘብ ይቀንሳል ብዬ ብዙ ዞሬ ስመለስ፥ ትንሹ ልጄ የቤት ሥራውን ሊያሳየኝ ሲጠብቅ ቆይቶ እርሳሱን እንደ ያዘ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። በሌላ በኩል ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ገንዘብ ባወጣ ስንፍናና ብክነት መስሎ ይታየኛል። ቁጠባዬ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት ይታያል? ጊዜና ገንዘብስ በምን ይመዘናሉ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሁለተኛው ንባብ ዐይኔ የቆመው ልጅሽ በያዘው እርሳስ ላይ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ቁጠባሽን ራሱን ኃጢአት አድርገሽ እንዳታዪው እለምንሻለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ምእመናን ከአንዱ ስሕተት ሸሽተው በሌላው ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

ጌታችን አምስቱን እንጀራ ባርኮ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አላቸው (ዮሐ. 6፥12)። ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ የሚችል አምላክ ለቍርስራሽ ተጠነቀቀ፤ ደቀ መዛሙርቱም ሰብስበው 12 መሶብ ሞሉ። እንግዲህ ለትንሹ ነገር መጠንቀቅ ንፍገት ነው የሚል ሰው ከወንጌል አልተማረውም። አሥር ድሪም (የብር ገንዘብ) የነበራት ሴት አንዱ በጠፋባት ጊዜ መብራት አብርታ፥ ቤቷን ጠርጋ፥ አጥብቃ እንደ ፈለገችውም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ተጽፏል። ምናልባት አንቺም በልብሽ ይህችን ሴት ምስክር ትጠሪ ይሆናል፤ መጥራትሽም ተገቢ ነው፥ ነገር ግን የቃሉን ሙሉ መልክ ተመልከቺ። የጠፋባት ካላት ሁሉ አንድ አሥረኛው ነው፤ የፈለገችውም «እስክታገኘው ድረስ» ነው፤ ባገኘችው ጊዜም ፍለጋውን አቁማ ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ ደስ አላት። ፍለጋዋ ልክ ነበረው፥ ፍጻሜም ነበረው፥ መጨረሻውም ከሰዎች ጋር መሆን ነበር። በስልክ ላይ የሚደረግ ዋጋ ማወዳደር ግን ፍጻሜ የለውም፤ ከተገዛ በኋላ እንኳ «ሌላ ቦታ ይረክስ ነበር» የሚል ሐዘን ይተካል እንጂ ደስታ አይከተለውም፤ ከሰዎች ጋርም አያገናኝም። ልዩነቱ ገንዘቡ ማነሱ ወይም መብዛቱ ላይ አይደለም።

«በምን ይመዘናሉ?» ብለሽ በመጠየቅሽም ቅዱስ መጽሐፍን ሳታውቂው ነክተሽዋል። በጥንት ዘመን ገንዘብ ይመዘን እንጂ አይቈጠርም ነበር፤ አብርሃም የመቃብር ቦታ ሲገዛ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ (ዘፍ. 23፥16)። ነቢዩ ኢሳይያስም «ገንዘብን እንጀራ ላይደለ፥ የድካማችሁንም ዋጋ ለማያጠግብ ነገር ለምን ትመዝናላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል (ኢሳ. 55፥2)። ነቢዩ ገንዘብንና ድካምን በአንድ ሚዛን ላይ አብሮ እንዳስቀመጣቸው አስተውዪ። በጌታም ምሳሌ ባለ ወይኑ ከሠራተኞቹ ጋር የተስማማው በቀን አንድ ዲናር ነው (ማቴ. 20፥2)፤ አንድ ዲናር በእጁ የያዘ ሰው አንድ የሥራ ቀን በእጁ ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ «ዕድሜ» ሲል አንቺም «ገንዘብ» ስትዪ የምትነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ገንዘብ በከንቱ የሚበትን ሰው ያለፉ ቀኖቹን ይበትናል፤ ሰዓቱን በከንቱ የሚያሳልፍም ገና ያልሠራበትን ቀን ይበትናል።

ይህን ካወቅን በኋላ ስሌት መሥራት ክፋት የለውም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድትሠሩት እመክራለሁ። በወር 20 ቀን፥ በቀን 8 ሰዓት የምትሠራ ሴት 160 ሰዓት ሠራሁ ትላለች፤ ደመወዟንም ለ160 አካፍላ የሰዓቷን ዋጋ ታገኛለች። ነገር ግን መሄጃና መመለሻው በቀን 2 ሰዓት የሚወስድባት ከሆነ ለሥራው የሰጠችው 200 ሰዓት ነው። ለመጓጓዣ፥ ለሥራ ልብስና ከቤት ውጭ በመዋሏ ብቻ ለምታወጣው ነገር ከደመወዟ ሩቡ የሚሄድ ከሆነም የሚቀራት ሦስት አራተኛው ነው። ሦስት አራተኛው ለ200 ሰዓት ሲካፈል አስቀድማ ካሰበችው የሰዓት ዋጋ 60 በመቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስሌት ለሁለታችሁም ይናገራል፦ ለባለቤትሽ አንድ ሰዓት በገንዘብ ሲተመን እርሱ እንደሚለው ውድ ላይሆን እንደሚችል ያሳየዋል፤ ለአንቺ ደግሞ እያንዳንዱ ግዢ ከሚመስልሽ የበለጠ የዕድሜ ሰዓት እንደሚያስከፍል ያሳይሻል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ርካሹን ፈልጎ ማግኘት ሳይሆን የማያስፈልገውን ጨርሶ አለመግዛት ይሆናል። ርካሽ የተባለው ነገር ፍለጋ ብዙ ጊዜ የማያስፈልግ ነገር ሲያስገዛ አይተሽ እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ።

ሆኖም ስሌቱ የሚያደርስበት ዳርቻ አለው፤ ከዚያ በላይ ከተከተልነው ያሳስታል። የአልዓዛር እኅት ማርያም በጌታ እግር ላይ ሽቱ ባፈሰሰች ጊዜ ይሁዳ «ይህ ሽቱ ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ያልተሰጠ ስለ ምን ነው?» አለ (ዮሐ. 12፥5)። ዲናር የቀን ሠራተኛ ዋጋ ከሆነ፥ 300 ዲናር የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ያህል ነው ማለት ነው። ይሁዳ ሒሳብ አልተሳሳተም፤ ያቀረበውም ምክንያት ለጆሮ የሚያምር ነበር። የተሳሳተው በሚዛን ላይ የማይወጣውን በሚዛን ላይ በማውጣቱ ነው። ጸሎት፥ የታመመን መጠየቅ፥ ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገር፥ ልጅን ማዳመጥ «በዚህ ሰዓት ይህን ያህል አገኝ ነበር» ተብለው የሚተመኑ አይደሉም። እንዲህ መተመን የጀመረ ሰው ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንኳ ሰዓቱን ያያል።

ይህን ስጽፍ የራሴን በደል አስታውሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካውያዬ ተበላሽቶ፥ ለባለሙያ የሚከፈለውን ለማትረፍ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሴ ልሠራው ተቀመጥሁ። በዚያው ቀን አንድ የታመሙ አረጋዊ ልጠይቅ ቃል ገብቼ ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በሳህን ላይ ደረደርሁ፤ የተቃጠለውን ሽቦ አገኘሁ መሰለኝ፥ ገጠምሁ፥ ሞከርሁ፥ እንደገና ፈታሁ፤ ቀና ስል መሽቷል። በማግሥቱ ስሄድ አረጋዊው ዐይናቸውን ገልጠው አዩኝ እንጂ መናገር ተስኗቸው ነበር። ልጃቸው «ትናንት ድምፅ በሰሙ ቁጥር መምህሩ መጡ ወይ ይሉ ነበር» አለችኝ። ካውያውም ሳይሠራ ቀረ። ያን ቀን ያተረፍሁት ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋልሁት አላስታውስም፤ የሳህኑን ብሎኖች ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ሐዋርያው ጳውሎስ «ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ» ያለው (ኤፌ. 5፥16) እንዲህ ያለውን ነገር ይመለከታል። መልእክቱ በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ «ዋጁ» የሚለው ቃል የገበያ ቃል ነው፤ ዋጋ ከፍሎ መግዛት፥ ገዝቶም ነጻ ማውጣት ማለት ነው። «ዘመኑን» የተባለውም የሰዓት ቈጣሪ ደቂቃ ሳይሆን ለአንድ ነገር የተወሰነ ምቹ ጊዜ፥ ካለፈ የማይደገም አጋጣሚ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ እያንዳንዷን ደቂቃ እየቈጠራችሁ በጭንቀት ኑሩ ማለት አይመስለኝም፤ ጊዜው ሲመጣ ዋጋ ከፍላችሁም ቢሆን ግዙት ማለት ነው። ልጅሽ ደብተሩን ዘርግቶ የጠበቀበት ምሽት እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር። አረጋዊው በር በሩን ያዩበት ቅዳሜም እንዲሁ። እነዚህን ጊዜያት ለመዋጀት ከዚያ ያነሰውን መተው፥ አንዳንዴም ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት የወጣ ገንዘብም ባከነ አይባልም።

ሰው መቅጠር ስንፍና ነው ወይ ላልሽው፥ ሐዋርያት ራሳቸው መልስ ሰጥተውበታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው የማዕዱ አገልግሎት በበዛባቸው ጊዜ ሰባት ሰዎች አስመርጠው በዚያ ላይ ሾሙ፤ እነርሱ ግን ለጸሎትና ቃሉን ለማገልገል ተጉ። አገልግሎቱን ስለ ናቁ አልነበረም፤ የተመረጡትም መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆን ነበረባቸው። ዋናው ነገር ያተረፉትን ጊዜ ምን ላይ እንደሚያውሉት አስቀድመው ማወቃቸው ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚያተርፍ ሰው በዓመት 182 ሰዓት ተኩል ያተርፋል፤ ይህም ከ22 የሥራ ቀን በላይ ነው። ነገር ግን ያ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ባለቤት ካልተሰጠው ስልኩ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም ጊዜውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከፍለሽ ጊዜ ከመግዛትሽ በፊት «ይህ ሰዓት የማን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ጊዜ ሰጥተሽ ገንዘብ ስታተርፊም «ይህ ገንዘብ የማን ይሆናል?» በዪ። የልጅ፥ የቤት፥ የተቸገረ ሰው፥ ወይም የራስሽ ዕረፍት ብለሽ መመለስ ካልቻልሽ ቁጠባው ልማድ ሆኖ ይነዳሻል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብሻለሁ። የምትቀጥሪያት ሴት ሰዓትም እግዚአብሔር ለሁሉ በእኩል ከሰጠው 24 ሰዓት የተቈረሰ ነው። የራስን ሰዓት በውድ ተምኖ የእርሷን በርካሽ ለመግዛት መከራከር፥ የሠራችበትንም «ነገ ነገ» እያሉ ማቆየት ቁጠባ ተብሎ አይጠራም። ሕጉ የሞያተኛው ዋጋ በአንተ ዘንድ አይደር ይላል (ዘሌ. 19፥13)፤ አንዲት ሌሊት እንኳ አልፈቀደም።

ከጊዜ በቀር የሚሰጠው የሌለውም ሰው አለ። የመጓጓዣ ዋጋ ለመቆጠብ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ፥ ርካሽ ለማግኘት ከጎሕ የሚነሣ ድሀ ዕድሜውን አከሰረ ሊባል አይገባም፤ ልጆቹን የሚያሳድረው በዚያ ነው። ጥያቄሽ እንዲህ ያለ ኑሮ ላይ እንዳልሆንሽ ስለሚያሳይ በአንቺ ላይ የተናገርሁትን በእነርሱ ላይ እንዳታውዪው።

በተግባር ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር አንድ ልክ አብጁ፤ ከዚያ መጠን በታች የሆነ ነገር ሲገዛ ዋጋ ላለማወዳደር ተስማሙ። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው እንደ ተናገረ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን መቍጠር (ሉቃ. 14፥28) ጊዜ ቢወስድም የተገባ ነው። ለአንድ ወር ያህል ያወጣሽውን ገንዘብ ስትጽፊ በአጠገቡ ያወጣሽውን ሰዓት አብረሽ ጻፊ። ጥገናውን ጨርሶ አትተዪው፤ የምትችዪውን ልጆችሽን በአጠገብሽ አስቀምጠሽ ሥሪ፥ ያን ጊዜ ጥገናው ራሱ ከእነርሱ ጋር የምታሳልፊው ጊዜ ይሆናል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ገንዘብ ስታወጪ ልብሽ አሁንም የሚርድ ከሆነ፥ ነገሩ ከልጅነት የመጣ የማጣት ፍርሃት ሊሆን ይችላልና ለንስሐ አባትሽ ሳታፍሪ ንገሪ፤ ፍርሃት በስሌት አይፈወስም።

ልጅሽን በተመለከተ፥ ስለዚያ ምሽት ካሳ እንዲሆን ዕቃ አትግዢለት። ዛሬ ማታ ስልክሽን በሌላ ክፍል ትተሽ በአጠገቡ ተቀመጪና ያን ቀን ሊያሳይሽ የነበረውን ገጽ እንዲገልጥልሽ ጠይቂው።