የቧንቧ ጥርስ ማውጫ ማሽን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የቧንቧ ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። ያገለገለ ጥርስ ማውጫ ማሽን (ቧንቧውን እያዞረ ጫፉ ላይ የመጋጠሚያ ጥርስ የሚያወጣ) ገዝቼ ሳስመጣው የእግር ፔዳሉ ተነቅሎ መስመሩ በቀጥታ ከግድግዳ ማብሪያ ጋር ተገናኝቷል። ሠራተኞቼ «እንዲያውም ይሻላል፣ እግር አይደክምም» ይላሉ። ቀስ ብሎ ስለሚዞር ለእኔም አላስፈራኝም። ፔዳሉን ማስመለስ ግድ ነው? ጓንት ማድረግስ?

መልስ፦ ግድ ነው። ፔዳሉ እስኪገጠም ሶኬቱን ነቅለው ያስቀምጡት፤ አንድ ቧንቧም አይሠራበት።

ሰው የሚያስጎዳው ይኸው «ቀስ ብሎ ይዞራል» የሚለው ግምት ነው። ብዙዎቹ የወርክሾፕ ማሽኖች በደቂቃ 38 ዙር ገደማ ይዞራሉ። የግማሽ ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትር 21.3 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የያዘውን እጅጌ በሴኮንድ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠቀልላል። ባለ 2 ኢንቹ ደግሞ በሴኮንድ 12 ሴንቲ ሜትር። ደንግጦ፣ ነገሩን ተረድቶ፣ ማብሪያ እስኪፈለግ 3 ሴኮንድ ቢያልፍ፣ በባለ 2 ኢንቹ ክንዱ እስከ ክርን ገብቷል ማለት ነው። ፍጥነቱን የቀነሰው ጊር ጉልበቱን አብዝቶታል፤ ስለዚህ ጨርቅ ቢይዘውም አይቆምም፣ ሰውም በጉልበቱ አያስቆመውም። እጁ የተያዘ ሰው ግድግዳው ጋ ሊደርስ አይችልም። የሚቀርለት እግሩ ነው፤ ፔዳሉም የተሠራው ለዚያ ነው።

ሌላም አለ። መብራት ሄዶ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ዳዩን (ጥርሱን የሚቆርጠውን ብረት) ሲያጸዳ ቢቆይ፣ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በእጁ ላይ ይነሳል። ፔዳል ያለው ማሽን ግን ካልተረገጠ አይነሳም።

የሚገዙት ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያገናኝ፣ ሲለቀቅ በስፕሪንጉ የሚያቋርጥ ይሁን። አንዴ ተረግጦ በርቶ የሚቀረውን አይቀበሉ። ለሞተሩ አምፔር የሚበቃ፣ ዕቃ ቢወድቅበት እንዳይረገጥ ከላይ ሽፋን ያለው ይሁን። ገመዱን ኤሌክትሪሺያን ያገናኘው፤ የማሽኑ አካል ኤርዝ እንዲኖረውና መስመሩ ላይ የ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚያቋርጥ) እንዲገባም ያድርጉ፤ ዘይትና ብረት ባለበት ይህ ቅንጦት አይደለም። ፔዳሉ የሚቀመጠው በሠራተኛው በኩል ነው፤ በሚዞር ቧንቧ ላይ አልፎ እጅ መዘርጋት በማያስፈልግበት ቦታ። ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቧንቧ ሳይገባ ይሞከር፦ ሲረገጥ ይዞራል፣ ሲለቀቅ ይቆማል። ካልቆመ ሥራ የለም። ፔዳሉን የሚረግጠውና ቧንቧውን የሚሠራው ደግሞ አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ እጁን ሲያስገባ ሌላው ይረግጣል።

ጓንትን በተመለከተ፦ ማሽኑ ሲዞር አይደረግም። ቧንቧ ሲሸከሙና ማሽኑ ጠፍቶ ፍቅፋቂ ሲያነሱ የቆዳ ጓንት ያድርጉ፤ ፔዳሉን ከመርገጥዎ በፊት ያውልቁት። የቱታው እጅጌ ይቆለፍ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ ሻሽና ፎጣ አንገት ላይ አይንጠልጠል። በጣም የሚደጋገመው ስህተት ግን የሚዞርን ጥርስ በጨርቅ መጥረግ ነው። ጥርሱ ጨርቁን ይነክሳል፣ ጨርቁ ጣትን ይከተላል። ፍቅፋቂውን ማሽኑ ቆሞ በብሩሽ ያንሱት።

ሳይጠየቅ የማይታለፍ፦ በማሽኑ ኃይል መጋጠሚያ ማጥበቅና መፍታት አይፈቀድም። ጂራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) ቧንቧው ላይ እያለ ማሽኑ ከዞረ እጀታው ይወረወራል፤ እጅ ይሰብራል፣ ከማሽኑ አካል ጋርም ያጣብቃል። ያንን ሥራ በሞርሳ ላይ በእጅ ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ላይ ጥርሱ እየተበጣጠሰ ይወጣል። ደህና የመሰለውም ቃጫ ጠምጥመንበት ያፈሳል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ ዳዮቹን አውጡ። አራቱም ከ1 እስከ 4 ቁጥር አላቸው፤ ማስገቢያውም እንዲሁ። አንዱ ቦታውን ከሳተ ወይም ከሌላ ስብስብ ከተቀላቀለ ጥርሱ ይበጣጠሳል። በማስገቢያው ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ እንኳ ዳዩን ያጋድለዋል። ቀጥሎ ዘይቱን እዩ፦ ዳዩ ቧንቧውን ከመንካቱ በፊት መፍሰስ መጀመር አለበት። ዳዩን ወደ ቧንቧው የሚገፋውን ማንሻ የምትጫኑት ሁለት ሦስት ጥርስ እስኪነክስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ራሱ ይስባል። መግፋት ከቀጠላችሁ ትቀዱታላችሁ።

ለማፍሰሱ ሁለት ምክንያት እንጠረጥራለን። አንደኛው ርዝመት ነው። ጥርሱ ሾጣጣ ነው፤ በየ16 ሚሊ ሜትሩ ዲያሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ይለወጣል፤ የሚያጣብቀውም ይህ ነው። የቧንቧው ጫፍ ከዳዩ ጠርዝ ጋር ሲስተካከል ዳዩን ክፈቱ። ካለፈ ጥርሱ ሾጣጣነቱን ያጣና መጋጠሚያው ሳይጠብቅ ይገባል። ሁለተኛው የደረጃ ልዩነት ነው። የእንግሊዙ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን በ1 ኢንች ላይ 11 ጥርስ በኢንች አለው፤ የአሜሪካኑ 60 ዲግሪና 11.5 ነው። ሁለቱ ጥቂት ዙር ገብተው ይጣበቃሉ፣ ጥብቅ ይመስላሉ፣ ያፈሳሉ። በግማሽና በሦስት ሩብ ኢንች ሁለቱም 14 በመሆናቸው ልዩነቱ በመግጠም አይታወቅም። ዳዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የ6 ሜትሩ ቧንቧ ጫፍ ይወራጫል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከማሽኑ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ለወጣ ሁሉ መደገፊያ ይቁም፣ ለሙሉ ርዝመት ከአንድ በላይ። የኋላው መያዣም ይጥበቅ። ጫፉ የሚዞርበት አካባቢ በገመድ ይከለል፤ ከዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው መዞሩን ላያስተውል ይችላል። የጎበጠ ቧንቧ ግን በመደገፊያ አይስተካከልም፤ የጎበጠውን ቁረጡት።

ጥያቄ፦ የመቁረጫ ዘይት ውድ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብንጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። የመቁረጫ ዘይት በዳዩ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ግፊትና ሙቀት እንዲችል የተቀመመ ነው፤ የተቃጠለው ዘይት ዳዩን ቶሎ ይበላል። ለረጅም ጊዜ ቆዳ ሲነካ የቆዳ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። ለመጠጥ ውሃ መስመር ደግሞ ለዚያ የተፈቀደውን ዘይት ብቻ ተጠቀሙ፤ መስመሩ ሲያልቅ ውስጡ በውሃ ይታጠብ። ቁጠባ ከፈለጋችሁ የዘይት ማጠራቀሚያውን ወንፊት አዘውትራችሁ አጽዱ፤ ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ አይስብም፣ ዳዩም በደረቁ ይቆርጣል። ወለል ላይ የፈሰሰው ላይ ወዲያው ሰጋቱራ በትኑና ጥረጉት፤ ፔዳል የሚረግጥ እግር መንሸራተት የለበትም።