ጣልያን እየኖራችሁ የውጭ አገር ታርጋ ያለው መኪና ተውሳችሁ ከመንዳታችሁ በፊት

ሮም፣ ሚላኖ ወይም ቦሎኛ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከፍራንክፈርት የመጣ ወንድማችሁ ወይም ከዙሪክ የመጣች የአጎታችሁ ልጅ መኪናውን ለጥቂት ሳምንት ትቶላችሁ ሊሄድ ሲል ቁልፉን ቶሎ አትቀበሉ። ኢንሹራንሱ ተከፍሎ፣ መንጃ ፈቃዳችሁ ተስተካክሎ፣ ሊብሬው ኪስ ውስጥ ሆኖ መኪናው መንገድ ላይ ሊታሰር ይችላል። ፖሊስ በቅድሚያ የሚያየው መሪውን የያዘው ሰው የት አገር ነዋሪ እንደሆነ ነው። በኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) መዝገብ ላይ ስማችሁ በነዋሪነት ከሰፈረ፣ በስማችሁ ያልተመዘገበ የውጭ ታርጋ መኪና ስትነዱ ሕጉ የሚጠይቃችሁ ወረቀት አለ። ያ ወረቀት ደግሞ ፖሊስ ካስቆማችሁ በኋላ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት መዘጋጀት አለበት።

በማኅበረሰባችን ውስጥ አሁንም ሁለት የተሳሳቱ ምክሮች ይዘዋወራሉ። አንደኛው «ነዋሪ ከሆንክ የውጭ ታርጋ ጨርሶ መንዳት አትችልም» የሚለው ነው። ይህ አንድ ወቅት እውነት ነበር። በ2018 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የጸጥታ አዋጅ (በሕግ ቁጥር 132/2018 የጸደቀው) ጣልያን ውስጥ ከ60 ቀን በላይ ነዋሪ የሆነ ሰው የውጭ ታርጋ እንዳይነዳ ከልክሎ ነበር። ዓላማው ቦሎ ላለመክፈል፣ የጣልያንን ውድ ኢንሹራንስ ለመሸሽና ከትራፊክ ቅጣት ለመሰወር የውጭ ታርጋ ለጥፈው የሚኖሩትን ለመያዝ ነበር፤ ነገር ግን የዘመዱን መኪና ለሦስት ቀን የተዋሰውንም አብሮ ያዘ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 በነፃ ትውስት የተሰጠ መኪናን እንዲህ በጅምላ መከልከል ከኅብረቱ ሕግ ጋር አይስማማም አለ። ጉዳዩ ማሳ ካራራ ላይ የተያዘች የስሎቫክያ ታርጋ መኪና ነበረች፤ ባል እየነዳ፣ የመኪናዋ ባለቤት የሆነችው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ። ከዚያ በኋላ ክልከላው ተነስቶ በትራፊክ ሕጉ ውስጥ አንቀጽ 93-ቢስ ገባ፤ ከመጋቢት 2022 ጀምሮም እየተሠራበት ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ ምክር «ባለቤቱ በእጁ የጻፈልህ ውክልና ካለህ ማንም አይነካህም» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚቀጣው በዚህኛው ነው።

አንቀጹ የሚለው እንዲህ ነው። መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው የፈረመበት፣ ቀኑ የተረጋገጠ፣ መኪናው በምን ሁኔታ እንደተሰጣችሁና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ መኪናው ውስጥ ይኑር። «ቀኑ የተረጋገጠ» የሚለው ጣልያኖቹ «ዳታ ቼርታ» የሚሉት ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ዳታ ቼርታ አይባልም፤ ትናንት ማታ ተጽፎ ከወር በፊት የነበረ ቀን ሊሰጠው ይችላልና። ሰነዱ በዚያ ቀን እንደነበረ ሌላ ሊካድ የማይችል ነገር መመስከር አለበት።

ይህን ለማግኘት ሦስት መንገድ ይሠራል። አንዱ ኖታዮ (ሰነድ አረጋጋጭ) ዘንድ ፊርማን ማረጋገጥ ነው፤ አስተማማኝ ነው፣ ዋጋው ግን ለሁለት ሳምንት ትውስት ይከብዳል። ሁለተኛው ውሉን አጄንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ (የግብር መሥሪያ ቤት) ማስመዝገብ ነው፤ እዚያ የመመዝገቢያ ግብርና በውሉ ላይ የሚለጠፍ ቴምብር አለ፣ ረዘም ላለ ትውስት ያዋጣል። ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክ ነው፤ እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ባለቤቱ ጀርመን ወይም ስዊድን ሆኖ ሕጋዊ እውቅና ባለው ዲጂታል ፊርማ ፈርሞ የሰዓት ማኅተም ካስቀመጠበት፣ በአንዱ የኅብረቱ አገር የተሰጠው በሌላውም ተቀባይነት አለው። ይህ ካልሆነለት፣ በእጁ የፈረመውን ስካን አድርጎ ይላክላችሁና እናንተ በፔክ፣ ማለትም እንደ አደራ ደብዳቤ በሚቆጠረው የጣልያን ኢሜይል፣ ፔክ ላለው ሰው (ለምሳሌ ለኮመርቻሊስታችሁ፣ ለሒሳብ ባለሙያችሁ) አስተላልፉት። ሰነዱንና ፔክ የሚሰጣችሁን የመድረሻ ደረሰኝ አንድ ላይ አትማችሁ ያዙ። ደረሰኙ ከሌለ ሰነዱ ተራ ወረቀት ነው።

ሰነዱ ላይ ምን ይጻፍ? የባለቤቱ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ነዋሪ የሆነበት አድራሻ፤ የእናንተ ስም፣ የጣልያን አድራሻና ኮዲቼ ፊስካሌ (የግብር መለያ ቁጥር)፤ የመኪናው ዓይነት፣ ታርጋና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ላይ ፊደል በፊደል ተገልብጦ፤ መኪናው «ኮሞዳቶ ዱሶ ግራቱይቶ»፣ በእኛ አነጋገር በነፃ ትውስት፣ እንደተሰጠ፤ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን። የማብቂያውን ቀን ሳትጽፉ እንዳትተዉ። «እስኪመለስ ድረስ» የሚል ሰነድ ሕጉ የጠየቀውን የጊዜ ርዝመት አይገልጽምና ጉድለት ነው። ሰነዱን በጣልያንኛ ጻፉት፤ ባለቤቱ ጣልያንኛ ካላነበበ ከጎኑ በሚያውቀው ቋንቋ ይጨመርበት። ፖሊሱ ሌሊት በባትሪ ብርሃን እያነበበ መሆኑን አስቡ፣ በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ ብቻ አትመኑ። የባለቤቱን የመታወቂያ ኮፒ አያይዙበት፤ ሕጉ በስም ባይጠይቀውም ፊርማውን ለማስተያየት ይረዳል።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንምጣ። መኪናው በእናንተ እጅ የቆየበት ጊዜ በአንድ የዘመን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ ከ30 ቀን ካለፈ ሰነዱ ብቻውን አይበቃም። ትውስቱ «ሬቬ» በሚባለው የውጭ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ላይ መግባት አለበት። መዝገቡ በፕራ (የመኪናዎች የሕዝብ መዝገብ) ሥር ያለ ሲሆን ምዝገባው በአቺ (የጣልያን አውቶሞቢል ክለብ) ጽሕፈት ቤት ወይም «ስፖርቴሎ ቴሌማቲኮ» የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ምዝገባ አገልግሎት በሚሰጡ የመኪና ጉዳይ አስፈጻሚዎች በኩል ይከናወናል። የማስመዝገብ ግዴታው የባለቤቱ ሳይሆን የተጠቃሚው፣ ማለትም የእናንተ ነው።

ሠላሳው ቀን በተከታታይ መሆን የለበትም፤ ይደመራል። ለፋሲካ 12 ቀን፣ ነሐሴ ላይ 14 ቀን ይዛችሁት ከነበረ 26 ሆኗል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ለ5 ቀን ከወሰዳችሁት 31 ስለሚሆን መመዝገብ ነበረባችሁ። በየ29 ቀኑ አዲስ ወረቀት የሚጽፉ አሉ፤ ቆጠራውን አይመልሰውም፣ እንዲያውም ወረቀቶቹ ራሳቸው ተደምረው ማስረጃ ይሆኑባችኋል። ቆጠራው ከዜሮ የሚጀምረው ጥር 1 ላይ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ነው። ሌላው ልብ የማይባለው ነገር ሕጉ የሚቆጥረው የተነዳበትን ቀን አለመሆኑ ነው፤ መኪናው በእጃችሁ የሚገኝበትን ጊዜ ነው። ደጃችሁ ቆሞ ቁልፉ እናንተ ጋ ከሆነ፣ ሞተሩ ባይነሳም ቀኑ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰነዱ ከመነሻው 45 ቀን የሚል ከሆነ ሠላሳው እስኪሞላ አትጠብቁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አስመዝግቡት። የተሰጣችሁንም ማረጋገጫ ከሊብሬው ጋር አኑሩት።

ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ይለያያል። ሰነዱ መኪናው ውስጥ ከሌለ ከ250 እስከ 1,000 ዩሮ ነው፤ ሰነዱን እንድታቀርቡ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ መኪናው ግን እስክታቀርቡ ድረስ፣ ካላቀረባችሁም እስከ 60 ቀን ድረስ ይታሰራል። ሬቬ ላይ መግባት ሲገባው ካልገባ ከ712 እስከ 3,558 ዩሮ ሲሆን ሊብሬው እዚያው ተወስዶ ምዝገባው ሲፈጸም ይመለሳል። ሰነድም ምዝገባም ከሌለ ሕጉ መኪናው በሹፌሩ እጅ እንደሆነ ይቆጥራል። ወንድሜ ነው፣ ትናንት ነው የሰጠኝ ማለት ያኔ አይረዳም። በዚያ ላይ የውጭ ታርጋ ያለው መኪና ሲቀጣ ክፍያው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ካልተከፈለ ወይም ማስያዣ ካልተቀመጠ በዚህም ምክንያት እስከ 60 ቀን ሊታሰር ይችላል። ቅጣቱ ያላግባብ ነው የምትሉ ከሆነ ለጁዲቼ ዲ ፓቼ (የሰላም ዳኛ) በ30 ቀን፣ ለፕሬፌቶ (በየአውራጃው የመንግሥት ተወካይ) በ60 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አይቻልም።

የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ከሌላ አገር ጣልያን ለገባችሁ ደንቡ ሌላ ነው፤ ነዋሪነት ካገኛችሁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ የጣልያን ታርጋ ማውጣት አለባችሁ። መኪናውን በወንድም ስም አዙሮ «ተውሼ ነው» ማለት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

እስካሁን ያልኩት የጀርመን፣ የፈረንሳይ ወይም የስዊድን ታርጋን የሚመለከት ነው። የስዊስ ወይም የብሪታንያ ታርጋ ከሆነ ከትራፊክ ሕጉ በላይ የጉምሩክ ሕግ አለ፤ አደጋውም እዚህ ይብሳል። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ የጉምሩክ ክልል አባል አይደለችም፤ ብሪታንያም ከጥር 2021 ወዲህ ወጥታለች። እነዚህ መኪናዎች ኅብረቱ ውስጥ ያለ ቀረጥ የሚገቡት በጊዜያዊነት፣ ውጭ ለሚኖር ሰው መጠቀሚያ እንዲሆኑ ነው። የኅብረቱ ነዋሪ የሆነ ሰው ሊነዳቸው የሚችለው ለግል ጉዳይ፣ አልፎ አልፎ፣ በባለቤቱ ጥያቄ፣ ባለቤቱም በዚያን ሰዓት ኅብረቱ ውስጥ ካለ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ከዙሪክ መጥታ ቤታችሁ እያረፈች እናንተን ሱፐርማርኬት ብትልካችሁ ችግር የለውም። መኪናውን ትታ በባቡር ወደ ዙሪክ ከተመለሰች በኋላ ግን ያው መንገድ ያለ ቀረጥ የገባን ዕቃ እንደ መጠቀም ይቆጠራል።

ያኔ የሚጠየቀው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የመኪና ቀረጥ 10 ከመቶ ነው፤ በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ ደግሞ የጣልያን ተጨማሪ እሴት ታክስ 22 ከመቶ ይጨመራል። 10,000 ዩሮ የሚያወጣ መኪና 1,000 ዩሮ ቀረጥ፣ በ11,000 ላይ 2,420 ዩሮ ታክስ፣ በድምሩ 3,420 ዩሮ ይሆናል፤ ቅጣቱ ሳይቆጠር። መኪናውም ሊወረስ ይችላል። እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ዳታ ቼርታ ያለው ሰነድና የሬቬ ምዝገባ የጉምሩኩን ጥያቄ አይመልሱም። እንዲያውም «ለስድስት ወር ተሰጥቶኛል» የሚለው ወረቀት ጥፋቱን በጽሑፍ ማመን ነው። ባለቤቱ ከኅብረቱ ውጭ የሚሄድ ከሆነ የስዊስና የብሪታንያ ታርጋ አትዋሱ።

ኢንሹራንሱን በሚመለከት፣ በየትኛውም የኅብረቱ አገር የተመዘገበ መኪና የሦስተኛ ወገን ዋስትናው ጣልያን ውስጥም ይሠራል። ችግሩ ማን ይነዳዋል የሚለው ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ውሎች የሹፌሮቹን ስምና ዕድሜ ይወስናሉ፤ ርካሽ የሚሆኑትም በዚህ ነው። እናንተ በውሉ ውስጥ ሳትኖሩ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ለተጎዳው ይከፍልና ወደ ዘመዳችሁ ዞሮ ክፍያ ይጠይቃል። ባለቤቱ ከመሄዱ በፊት ለኢንሹራንሱ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አስመዝግቦ በጽሑፍ መልስ ይቀበል። የቴክኒክ ምርመራውንም ቀን እዩ። የጀርመን መኪና ምርመራ የሚታደሰው ጀርመን ነው፣ የጣልያን ሬቪዚዮኔ አይተካውም፤ በትውስቱ መካከል የሚያልቅ ከሆነ ሳይነካ ቢቀር ይሻላል።

የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ነዋሪ ከሆናችሁ አንድ ዓመት ካለፈ ሊነዳበት አይቻልም። በሁለቱ አገሮች መካከል የመለወጫ ስምምነት ስለሌለ ፈተናውን ከመጀመሪያው መውሰድ ግድ ነው። አዲስ የጣልያን መንጃ ፈቃድ ያወጣችሁም ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የጉልበት ገደብ አለባችሁ፤ ሊብሬው ላይ «ፒ.2» በሚለው ኮድ ፊት የተጻፈው ከ105 ኪሎዋት መብለጥ የለበትም፣ ለክብደቱም በቶን ከ75 ኪሎዋት አይለፍ። ከጀርመን የሚመጡት ትልልቅ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህን ያልፋሉ።

መኪናውን ስትመልሱ፣ ሬቬ ላይ ተመዝግቦ ከነበረ የትውስቱ ማብቃት በ3 ቀን ውስጥ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲይዘው በእናንተ ስም እንዳይቆጠር። የሰነዱን ኮፒና የተመለሰበትን ቀን የሚያሳይ መልእክት ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዩ። ውጭ አገር ለሚኖር ባለቤት የጣልያን ቅጣት የሚላክበት ጊዜ እስከ 360 ቀን ስለሆነ፣ ሚላኖ ላይ በካሜራ የተነሳ የዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ (የመኪና መግቢያ የተገደበበት የከተማ ክፍል) ቅጣት በሚቀጥለው ክረምት ፍራንክፈርት ዘመዳችሁ ደጅ ሊደርስ ይችላል።